ለመሪው ስንት ዕድል ይገባዋል? የአውስትራሊያ እግር ኳስ የፍጻሜ ውድድር ሥርዓት ከ1897 እስከ 19ኛው ክለብ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። ከታሪክ መምህር ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ንግድ መሥመር ወይም ስለ ዲፕሎማሲ መስማት የለመደ ጆሮ፣ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ስለሚዘወተር የኳስ ጨዋታ ምን ሊባል ነው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሴ አጭር ነው። አንድ ማኅበር «ፍትሓዊ» የሚለውን ቃል ወደ ደንብ ለመለወጥ ከ120 ዓመት በላይ ሲደክም፣ ሲያወጣና ሲሽር የሚታይበት፣ ውጤቱም በየዓመቱ በቁጥር የሚመዘገብበት እንዲህ ያለ ግልጽ ማኅደር በሌላ ቦታ እምብዛም አላገኘሁም።

ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገሮችን ላስታውስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጨዋታውም እኛ እግር ኳስ የምንለው አይደለም፤ በሞላላ ሜዳ ላይ፣ በሞላላ ኳስ፣ ከእያንዳንዱ ወገን 18 ተጫዋቾች ተሰልፈው በእጅም በእግርም የሚጫወቱት ነው። ከዚህ በላይ የጨዋታውን ሕግ ማወቅ ለዛሬው አያስፈልገንም።

የሚያስፈልገን አንድ ልዩነት ነው። በእኛ ፕሪሚየር ሊግ የዓመቱ ሻምፒዮን በደረጃ ሰንጠረዡ አናት ላይ ያጠናቀቀው ክለብ ነው፤ ክርክሩ በዚያው ያበቃል። በአውስትራሊያ ግን ሰንጠረዡ የሚወስነው ወደ ፍጻሜው ውድድር የሚገቡትን ክለቦች ብቻ ነው። ዋንጫው የሚገኘው ከዚያ በኋላ በሚካሄዱ ጥቂት ጨዋታዎች ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት የፍትሕ አስተሳሰቦች ፊት ለፊት ቆመዋል። አንደኛው ወራት ሙሉ የተሻለ የነበረ ይሸለም ይላል። ሁለተኛው በወሳኙ ቀን ያሸነፈ ይሸለም ይላል። ቀጥሎ የማወራው ታሪክ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተደረገ ድርድር ነው።

በ1896 በቪክቶሪያ የነበረው ነባር ማኅበር ውድድሩን ሲያጠናቅቅ ኮሊንግዉድና ሳውዝ ሜልበርን እኩል ሆነው ተገኙ፤ ሻምፒዮናው በአንድ ተጨማሪ ጨዋታ ተወሰነ፣ ኮሊንግዉድም አሸነፈ። በዚያው ዓመት ስምንት ክለቦች ከማኅበሩ ተገንጥለው የቪክቶሪያ እግር ኳስ ሊግን መሠረቱ። አዲሱ ሊግ በ1897 ሥራ ሲጀምር የዚያ የመጨረሻ ቀን ትዝታ ገና ትኩስ ነበር። ሊጉ ለመጀመሪያው ዓመት የመረጠው ሥርዓት የመጀመሪያዎቹ አራት ክለቦች እርስ በርሳቸው አንዳንድ ጊዜ እንዲጋጠሙ የሚያደርግ ነበር፤ ኤሰንደን ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ግን ሥርዓቱ ተለወጠ። ስምንቱም ክለቦች ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሁለት ምድብ ተከፍለው እንዲጫወቱ፣ የምድቦቹ አሸናፊዎች እንዲገናኙ፣ የመደበኛው ውድድር መሪ ደግሞ ካልተሳካለት አሸናፊውን የመገዳደር መብት እንዲኖረው ተወሰነ።

ይህ ቸርነት ዋጋ አስከፈለ። በ1900 በመደበኛው ውድድር ከስምንት ክለቦች ስድስተኛ የነበረው ሜልበርን በምድቡ አሸነፈ፣ በመጨረሻም የሰንጠረዡን መሪ ፊትዝሮይን ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ሕጉ አልተጣሰም፤ ሁሉም የተፈጸመው በተጻፈው መሠረት ነው። ነገር ግን ስድስተኛው ሻምፒዮን ከሆነ ወራት ሙሉ የተደረገው ውድድር ፋይዳው ምንድን ነው? ሊጉ በ1901 መልሱን ሰጠ፤ አራት ክለቦች ብቻ ይግቡ፣ አንደኛው ከሦስተኛው፣ ሁለተኛው ከአራተኛው ይጫወቱ፣ ያሸነፉት ሁለቱ ይገናኙ አለ። በዚያው ዓመት መሪው ጂሎንግ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፎ ወጣ። በአንድ ዓመት ልዩነት ሊጉ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ተወርውሮ ነበር ማለት ነው።

በ1902 ለመሪው የመገዳደር መብቱ ተመለሰለት። ይህ ሥርዓት ዘ አርገስ በተባለው የሜልበርን ጋዜጣ ስም የአርገስ ሥርዓት ይባላል፤ ዝርዝሩ አልፎ አልፎ ቢሻሻልም፣ በ1924 ከተደረገ የአንድ ዓመት ሙከራ በስተቀር እስከ 1930 ቆይቷል። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አራቱም ቡድኖች በኃይል ፍጹም እኩል ናቸው፣ እያንዳንዱም ጨዋታ እንደ ሳንቲም ውርወራ ነው እንበል። እንዲህ ሲሆን በቡድኖቹ ዕድል መካከል የሚታየው ልዩነት በሙሉ ሥርዓቱ ራሱ የሰጠው ስጦታ ነው። በተሻሻለው የአርገስ ሥርዓት መሪው ሻምፒዮን የመሆን ዕድሉ ከ8 እጅ 5 ነው። የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው ከ8 እጅ 1 አላቸው። ማለትም አንደኛ መውጣት ታላቅ ሀብት ነው፤ ሁለተኛ መውጣት ግን ከአራተኛነት በምንም አይሻልም።

ሥርዓቱ ሌላም እንከን ነበረው። መሪው ሁለቱንም ጨዋታ ካሸነፈ መገዳደር አያስፈልግም፤ ስለዚህ ታላቁ የፍጻሜ ጨዋታ አይካሄድም፣ የመግቢያ ገቢውም ይቀራል። መሪው አንድ ጊዜ ቢሸነፍ ግን ተጨማሪ ባለ ብዙ ሕዝብ ጨዋታ ይኖራል። ማንም ሆን ብሎ ተሸንፏል አልልም፤ ነገር ግን ሽንፈት ለሁሉም ኪስ የሚጠቅምበት ደንብ ለሐሜት በር የከፈተ ደንብ ነው።

የዚህ ዘመን እጅግ አስገራሚው ዓመት 1916 ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ሊጉ ውስጥ የተጫወቱት አራት ክለቦች ብቻ ነበሩ፦ ካርልተን፣ ኮሊንግዉድ፣ ሪችመንድና ፊትዝሮይ። ወደ ፍጻሜው የሚገቡትም አራት ስለነበሩ መደበኛው ውድድር ማንንም አላስቀረም። ፊትዝሮይ የመጨረሻ ሆኖ ጨረሰ፤ ከዚያም ኮሊንግዉድን፣ ቀጥሎ መሪውን ካርልተንን፣ ካርልተን የመገዳደር መብቱን ሲጠቀምም እንደገና ካርልተንን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በአንድ ዓመት የሰንጠረዡ ጭራም የዋንጫው ባለቤትም አንድ ክለብ ነበር። ደንቡ የተጻፈው የክለቦቹን ብዛት ታሳቢ አድርጎ ነው፤ ብዛቱ ሲለወጥ ያው አንቀጽ ሌላ ትርጉም ያዘ። በዚህ ዓመት ላይ የቆየሁት ለጉድ ብዬ አይደለም። ክለቦች ሲቀነሱ የታየው ነገር ክለቦች ሲጨመሩም በተቃራኒው አቅጣጫ ይታያልና ነው።

በ1924 ሊጉ የ1897ቱን ሥርዓት ዳግም ሞከረ። ኤሰንደን የመጨረሻ ጨዋታውን በሪችመንድ ተሸንፎ፣ ግን በአጠቃላይ ውጤቱ ሻምፒዮን ሆነ። ተሸናፊ ሆኖ ከሜዳ የሚወጣ ሻምፒዮን ማንንም አላረካም፤ ሙከራው አልተደገመም።

አሁን ወደ አንድ ሰው እንመጣለን። ኬን ማኪንታየር በ1910 የተወለደ፣ በኋላ የሕግ ባለሙያ የሆነ ሰው ነው። ለታሪክ ተማሪዎች ስሙ በሌላ ምክንያትም ሊታወቅ ይችላል፤ በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ አውስትራሊያን ከአውሮፓውያን አስቀድመው ያዩዋት ፖርቱጋሎች ናቸው ሲል ተከራክሯል፣ መከራከሪያውም በባለሙያዎች ብዙ ተተችቷል። የኳስ ሒሳቡ ግን ከታሪክ መላ ምቱ የጠና ሆኖ ተገኝቷል። በ1931 ገና በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ሳለ ያቀረበውን ሥርዓት ሊጉ ተቀበለው፤ ሥርዓቱም በሪችመንድ ክለብ ጸሐፊ በፐርሲ ፔጅ ስም ጭምር ይጠራል። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሦስተኛው ከአራተኛው ይጫወታሉ። የላይኛው ጨዋታ አሸናፊ በቀጥታ ወደ ታላቁ ፍጻሜ ያልፋል። የላይኛው ተሸናፊ ከታችኛው አሸናፊ ጋር ተጫውቶ ሁለተኛ ዕድል ያገኛል። የታችኛው ተሸናፊ ግን ይሰናበታል።

በሳንቲሙ ስሌት አንደኛውና ሁለተኛው እያንዳንዳቸው ከ8 እጅ 3፣ ሦስተኛውና አራተኛው ከ8 እጅ 1 ያገኛሉ። የአንድ ክለብ ብቻ የነበረው ልዩ መብት ለሁለት ተከፈለ፣ ታላቁ ፍጻሜም በየዓመቱ የሚካሄድ ሆነ። ሥርዓቱ 40 ዓመት ያህል ቆየ። ዛሬም በበረዶ ላይ በሚዘወተረው ከርሊንግና በህንድ ፕሪሚየር ሊግ ክሪኬት ይሠራበታል። ፍትሕ የሚስማማው ደንብ ድንበር እንደሚሻገር ከሕግ ታሪክ እናውቃለን፤ ይህም አንዱ ነው።

በ1972 ወደ ፍጻሜው የሚገቡት አምስት ሆኑ። ይህንንም የነደፈው ማኪንታየር ነው። መነሻው ፍትሕ ብቻ ነበር ብዬ አላምንም፤ ጨዋታ ሲጨመር ገቢም ይጨመራል። ውጤቱ ግን በእኔ ግምት ሊጉ ከሠራቸው ሥርዓቶች ሁሉ የተዋበው ነው። መሪው በመጀመሪያው ሳምንት ያርፋል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተሸንፈው እንኳ የማይወድቁበትን ጨዋታ ይጫወታሉ፤ አራተኛውና አምስተኛው በጥሎ ማለፍ ይጋጠማሉ። ዕድሉ ከ16 እጅ ሲሰላ መሪው 6፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው አራት አራት፣ አራተኛውና አምስተኛው አንድ አንድ ይደርሳቸዋል። ሽልማቱ እንደ ደረጃው መሰላል ሆኖ ይወርዳል፤ ማንም ተስፋ አይነፈግም፣ መሪውም መሪ በመሆኑ የሚያገኘው የተለየ ነገር አለ።

ሆኖም የዚህ ሥርዓት ውበት ከራሱ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ሰፊ መሠረት ነበረው። ከ1970 እስከ 1986 ሊጉ 12 ክለቦች ነበሩት፣ እያንዳንዱ ክለብም 22 ጨዋታ ያደርግ ነበር። እያንዳንዱ 11 ተጋጣሚዎቹን ሁለት ሁለት ጊዜ ይገጥም ነበር ማለት ነው፤ ሁሉም በአንድ ሚዛን ተመዝነዋል። ከዚህም በላይ ሳውዝ ሜልበርን በ1982 ወደ ሲድኒ እስኪዛወር ድረስ ክለቦቹ በሙሉ በሜልበርንና በአቅራቢያዋ በጂሎንግ ነበሩ፤ የፍጻሜ ጨዋታ የትም ቢደረግ የአንድ ቀን ጉዞ እንኳ አይጠይቅም። የተስተካከለ ሰንጠረዥ፣ በደረጃ የተመጠነ ሽልማት፣ ሁሉም ሊደርስበት የሚችል ሜዳ፤ ሦስቱ በአንድ ዘመን የተገናኙት ለአጭር ጊዜ ነው። ያም በዕቅድ ሳይሆን በቁጥር አጋጣሚ ነው።

መስፋፋቱ ያፈረሰው ይህንን አጋጣሚ ነው። በ1987 የብሪዝበንና የፐርዝ ክለቦች ገቡ። ሊጉ በ1990 የአውስትራሊያ እግር ኳስ ሊግ ተባለ። አደሌይድ በ1991፣ ፍሪማንትል በ1995፣ ፖርት አደሌይድ በ1997፣ ጎልድ ኮስት በ2011፣ ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ በ2012 ተጨመሩ፤ በመካከሉ ፊትዝሮይ ከብሪዝበን ጋር ተዋሐደ። ዛሬ 18 ክለቦች እያንዳንዳቸው 23 ጨዋታ ያደርጋሉ። ከ17 ተጋጣሚዎች 11ዱን አንድ ጊዜ፣ 6ቱን ሁለት ጊዜ ይገጥማሉ። እነዚያ ስድስቱ እነማን እንደሚሆኑ የሚወስነው ዕጣ አይደለም፤ የከተማ ተቀናቃኝነት፣ የተመልካች ብዛትና የቴሌቪዥን ገበያ ድርሻ አላቸው። ስለዚህ አራተኛና አምስተኛ በጥቂት ነጥብ ሲለያዩ፣ ልዩነቱ የችሎታ ይሁን የመርሐ ግብር ከሰንጠረዡ ማንበብ አይቻልም።

በዚህ ሁሉ መካከል የሊጉ ትኩረት በፍጻሜው ሥርዓት ላይ ብቻ ነበር። በ1990 ኮሊንግዉድና ዌስት ኮስት አቻ ወጥተው ጨዋታው በመደገሙ፣ መሪው ኤሰንደን ሽልማት የተባለው ዕረፍቱ አንድ ሳምንት ረዘመበት፤ ከዚያም በኮሊንግዉድ ሁለት ጊዜ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ለአቻ ውጤት ተጨማሪ ሰዓት ተደነገገ። በ1991 ስድስት፣ በ1994 ስምንት ክለቦች ወደ ፍጻሜው ገቡ። የ1994ቱ የስምንት ሥርዓት፣ እሱም የማኪንታየር ነው፣ አንደኛውን ከስምንተኛው፣ ሁለተኛውን ከሰባተኛው እያለ ያጋጥም ነበር፤ ከአራቱ ተሸናፊዎች በደረጃ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ይሰናበቱ ነበር። ችግሩ አንድ ተሸናፊ ዕጣ ፈንታው በሌሎች ሜዳዎች በሚሆነው ላይ መንጠልጠሉ ነው። በ1998 አደሌይድ አምስተኛ ሆኖ ገብቶ የመጀመሪያ ጨዋታውን ተሸነፈ፤ ተረፈ፤ ሻምፒዮንም ሆነ።

በ1999 ጉዳዩ ጎልቶ ወጣ። ስድስተኛው ካርልተን በብሪዝበን ክፉኛ ተሸነፈ፣ አልወጣም። አምስተኛው ዌስት ኮስት ከሜዳው ውጪ አራተኛውን አሸነፈ። በቀጣዩ ሳምንት አሸናፊው ዌስት ኮስት ተሸናፊውን ካርልተንን በፐርዝ ማስተናገድ ይገባው ነበር። ነገር ግን ሊጉ ከሜልበርን ክሪኬት ሜዳ ጋር በገባው ውል ምክንያት ጨዋታው በካርልተን ከተማ ተደረገ። ካርልተን አሸነፈ፤ ቀጥሎም መሪውን ኤሰንደንን በአንድ ነጥብ አሸንፎ ለታላቁ ፍጻሜ ደረሰ፣ እዚያም በኖርዝ ሜልበርን ተረታ።

ሊጉ በ2000 ሥርዓቱን ለወጠ። አሁን ያለውም መሠረቱ ያው ነው፤ የላይኞቹ አራት ሁለት ዕድል፣ የታችኞቹ አራት አንድ ዕድል አላቸው። በሳንቲሙ ስሌት የላይኞቹ እያንዳንዳቸው ከ16 እጅ 3፣ የታችኞቹ ከ16 እጅ 1 ያገኛሉ። ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን ዕጣውን በእጁ ይዟል። ግን የ1972ቱን መሰላል ልብ በሉ። ዛሬ አንደኛውና አራተኛው በዚህ ስሌት እኩል ናቸው! በአራተኛና በአምስተኛ መካከል፣ ሰንጠረዡ ከሁሉ ይልቅ በሚያጠራጥርበት ቦታ፣ ሦስት እጥፍ የሆነ ገደል ተቆፍሯል። መሪው ከአራተኛው የሚለየው በሜዳው በመጫወት ብቻ ነው።

ሜዳውስ የማን ነው? ታላቁ ፍጻሜ በሜልበርን ክሪኬት ሜዳ እንዲካሄድ እስከ 2059 በውል ታስሯል። በ2004 ብሪዝበን በሜዳው ሊያስተናግደው የሚገባውን የመጨረሻ አራት ጨዋታ በሜልበርን ለማድረግ ተገደደ፤ ቢያሸንፍም ደንቡ ከዚያ በኋላ ተለውጧል። የ2015ቱ ግን ዛሬም ያው ነው። ሁለተኛው ዌስት ኮስት ሦስተኛውን ሆውቶርንን በፐርዝ አሸነፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለቱ ለዋንጫው ሲገናኙ ጨዋታው በሆውቶርን ከተማ ነበር፤ ሆውቶርን በ46 ነጥብ አሸነፈ። ሆውቶርን በዚያ ዘመን ታላቅ ቡድን ነበር፤ በፐርዝም ያሸንፍ ይሆናል። የእኔ ጥያቄ ስለ ዕድል እንጂ ስለ ውጤት አይደለም።

በ2016 ሰባተኛው ዌስተርን ቡልዶግስ ከ1954 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣ። ይህ ክለብ ቀድሞ ፉትስክሬይ ይባል የነበረው ነው፤ ሰፈሩ ዛሬ በሐበሻ ምግብ ቤቶቹ የታወቀ ነው፣ የሜልበርን ዘመዶቻችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። በ2024 ደግሞ ብሪዝበን ከአምስተኛነት ተነሥቶ ሻምፒዮን ሆነ። እነዚህን ድሎች የሥርዓቱ ብልሽት አድርጌ አላያቸውም። ከ16 እጅ 1 ማለት አንዳንዴ ይሆናል ማለት ነው፤ ሁለቱም አራት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈዋል፣ የተሸነፉበት ቀን የለም። ከ1998ቱና ከ1999ኙ የሚለያቸው ይህ ነው።

ከ2026 ጀምሮ ደግሞ ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ያሉት አራት ክለቦች በቅድሚያ ተጋጥመው ሁለቱ እንዲያልፉ ተወስኗል። ከ18 ክለቦች አሥሩ ከመደበኛው ውድድር በኋላ ይጫወታሉ ማለት ነው። ብዙዎች ይህንን እንደ ድፍረት ቆጥረውታል። እኔ በሒሳብ ሳየው ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የአራቱ ዕድል እያንዳንዳቸው ከ32 እጅ 1 ነው፣ የተወሰደውም ከሰባተኛውና ከስምንተኛው እንጂ ከላይኞቹ አይደለም። ክርክሩ በሰንጠረዡ ግርጌ ሲጋጋል ቁስሉ በአናቱ ላይ መሆኑ ተረስቷል።

በ2028 የታስማኒያ ክለብ 19ኛ ሆኖ እንዲገባ ታቅዷል። 19 ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ክለብ ያርፋል። ለሌላ ቁጥርም እኩል አይካፈልም። ቀደም ሲል ለ18 ክለቦች የቀረበው ሐሳብ፣ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ከተገናኙ በኋላ ስድስት ስድስት ሆነው በሦስት ምድብ ይጫወቱ የሚለው፣ ለ19 አይሠራም። ነገር ግን በዚህ አስቸጋሪ ቁጥር ውስጥ ያልተጠበቀ ሥጦታ አለ። 19 ክለቦች አንድ አንድ ጊዜ ቢገናኙ እያንዳንዱ 18 ጨዋታ ያደርጋል፤ 18 ደግሞ 9 በሜዳ፣ 9 ከሜዳ ውጪ ተብሎ ያለ ቅሪት ይከፈላል። በ18 ክለቦች ይህ አይቻልም፤ 17 ጎዶሎ ነውና።

ሊጉ በ18 ጨዋታ ብቻ ይወሰናል ብዬ አላስብም። ዛሬ በመደበኛው ውድድር 207 ጨዋታዎች ይካሄዳሉ፤ አንድ አንድ ጊዜ መገናኘት ብቻ ከሆነ 171 ይቀራሉ፣ ያንን ኪሳራ የሚሸከም ቦርድ የለም። ሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ይገናኙ ቢባል ደግሞ እያንዳንዱ 36 ጨዋታ ይደርሰዋል፤ እንዲህ አካል የሚያደቅ ጨዋታ ይህን አይችልም። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ መካከለኛ ነው። ወደ ፍጻሜው የሚገቡት በጠቅላላ ነጥብ ይለዩ። የገቡት እርስ በርስ ያላቸው ቅደም ተከተል ግን፣ ማለትም ማን ሁለት ዕድል እንደሚያገኝና ማን በሜዳው እንደሚጫወት፣ በ18ቱ የመጀመሪያ ግንኙነቶች ብቻ ይወሰን። የመርሐ ግብር አድልዎ ገቢ ያምጣ፣ ገደሉን ግን አይቆፍር።

ጉድለቱን አልሸሽግም። ሁለተኛው ግንኙነት ክብደቱ ይቀንሳል፤ ቦታቸውን ያረጋገጡ ክለቦች በእነዚያ ጨዋታዎች ተጫዋቾቻቸውን ማሳረፍ ሊጀምሩ ይችላሉ፣ ያም ከእነሱ ጋር በሚጫወቱት ተራ የሌላውን ነጥብ ያዛባል። ለዚህ ማካካሻ የሚሆነው የ1972ቱን መሰላል መመለስ ይመስለኛል፤ በአንደኛና በአራተኛ መካከል ከሜዳ ሌላ የሚጨበጥ ልዩነት ማኖር። ለምሳሌ መሪው በሁለተኛው ዙር የሚገጥመውን ራሱ እንዲመርጥ መፍቀድ ይቻላል። የታላቁ ፍጻሜ ሜዳ እስከ 2059 ሊነካ አይችልምና፣ የሚነካው ከእሱ በፊት ያለው ሁሉ ነው።